ሐረማያ ወይስ ሴዑል? ሴት ልጅ ለምታስተምሩ ወላጆች

የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍልን ልትጨርስ ስትቃረብ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እናቷ የደንገጎን ዳገት ወጥታ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ትፈልጋለች፤ የልጅቷ ልብ ግን ሴዑል ካለው የኢህዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። ሁለቱን ስመዝን የደረስኩበትን እነሆ።

ኢህዋ የግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ሜሪ ስክራንተን የተባሉ አሜሪካዊት ሚስዮናዊት በአንዲት ተማሪ ጀመሩት። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ወደ ፑሳን ተሰዶ እንኳ ማስተማሩን ቀጥሏል፤ በ1951 የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን ከመርከብ የወረዱትም በዚያችው ከተማ ነበር። ይህን ሳነብ ትምህርት ቤቱ ባዕድነቱ ቀነሰብኝ።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ወንድ አለመኖሩን ብቻ ነው። እኔን የማረከኝ ሌላ ነው፦ የተማሪዎች መማክርት መሪዋም፣ በምህንድስና ቤተ ሙከራ መሣሪያውን የምትይዘውም ሴት ናት። ለሴት ልጅ "ይህ ያንቺ ቦታ አይደለም" የሚላት የለም። የቤት አያያዝ ትምህርት እዚያ የተማሩት ሊ ቴ ዮንግ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ሆኑ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሃን ምዮንግ ሱክም የኢህዋ ምሩቅ ናቸው። ዓይን አፋር ለሆነች ጎበዝ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ችግሩ ገንዘቡና ቋንቋው ነው። ኢህዋ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ሴቶች የነፃ ትምህርት ዕድል አለው። ያንን ካላገኘች ቤት ሸጣችሁ አትላኩ። አብዛኛው ትምህርት በኮሪያኛ ነው፤ ዓለም አቀፍ ጥናት ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣል።

ሐረማያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእርሻ ኮሌጅነት የተመሠረተ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ወንድና ሴት አብረው ይማራሉ። በማሽላ ምርምራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተማሩት እዚያ ነው። ሐረር ከተማ ውስጥ የጤና ኮሌጅና የሕይወት ፋና ሆስፒታል አለው። ክፍያው በወጪ መጋራት ነው፤ ልጅቷ ብትታመም እናቷ በዚያው ቀን ትደርስላታለች።

ሕክምና ወይም ግብርና ለምትፈልግ ልጅ ያለ ማመንታት ሐረማያን እመርጣለሁ። ሐኪሟ ከበሽተኛዋ ጋር በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የምትግባባው እዚህ ሠርታ ነው። ምህንድስና ወይም ዓለም አቀፍ ግንኙነት ከሆነና ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ካለ ግን ኢህዋ ይበልጣል።

የእኛዋ የምትፈልገው ምህንድስና ነው። የኮሪያኛ ፊደላትን ከወዲሁ ጀምራለች፤ በምርጫ ቅጿ ላይ ደግሞ ሐረማያን አንደኛ አድርጋ ትሞላለች።