ሆም ቲያትር ልትገዙ ከሆነ፦ "ለየብቻ ይሻላል" የሚላችሁን ሻጭ ተጠንቀቁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ለሆም ቲያትር ገንዘብ ያስቀመጣችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። በቅርብ ያየሁት አንድ የሽያጭ ዘዴ አለ። ሰው ጥሩ ኤቪ ሪሲቨር ፈልጎ ሱቅ ይገባል። ሻጩ "ሪሲቨር የጀማሪ ነው፣ የሚያውቅ ሰው የሚገዛው ለየብቻ ነው" ይለዋል። ከዚያ አንድ አሮጌ ፕሮሰሰርና አንድ ከባድ ፓወር አምፕሊፋየር ይደራርብለታል። ገዢው የአዲስ ሪሲቨር ዋጋ ከፍሎ ይሄዳል። ቤቱ ሲደርስ ግን ዕቃው ከቲቪው ጋር አይግባባም።

ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ኤቪ ሪሲቨር ቲቪውን፣ ዲሹን፣ የፊልም ማጫወቻውን በአንድ ላይ ተቀብሎ፣ ድምፁን ፈትቶ፣ አጉልቶ ለአምስት ወይም ለሰባት ስፒከር የሚያከፋፍል አንድ ሳጥን ነው። "ለየብቻ" የሚሉት ደግሞ ይህንኑ ሥራ ለሁለት መክፈል ነው። መቀበሉንና መፍታቱን ፕሮሰሰሩ ይሠራል። ማጉላቱን ፓወር አምፑ ይሠራል። በመካከላቸው ለእያንዳንዱ ቻናል፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ስፒከር የድምፅ መስመር፣ አንድ ገመድ ይዘረጋል።

ለየብቻ መግዛት በራሱ ማታለል አይደለም። ትልቅ አዳራሽ ላለው ሰው ይጠቅማል። ባለ 4 ኦም፣ ማለትም ከአምፑ ብዙ ኃይል የሚስብ ስፒከር ላለውም ይጠቅማል። የእኔ ክርክር በዚህ ስም ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ነው።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጃቸው ኳሱንም ፊልሙንም በጥሩ ድምፅ እንዲያዩ ብሎ ከውጭ ገንዘብ ላከላቸው። ሱቅ የገቡት አንድ ሳጥን ሊገዙ ነበር። ይዘው የወጡት ግን ሁለት ሰው የሚሸከመው ጭነት ነው። ሻጩ ያላቸውን ነግረውኛል፦ "ጋሼ፣ ሪሲቨር አሻንጉሊት ነው። ለአባቴ የምገዛውን ነው የምሰጥዎት። አብሽሩ፣ ችግር ካለ እኔ አለሁ።"

ዕቃውን ቤታቸው ሄጄ አየሁት። ፕሮሰሰሩ ጀርባው ላይ አንድም የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያስተላልፈው) ቀዳዳ የለውም። ሪሞትም የለውም። ፓወር አምፑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ ይላል። አብሮ የተሰጣቸው ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር 500 ዋት ብቻ ነው። ስፒከሮቹ ላይ በወርቃማ ቀለም "5000 ዋት" ተጽፏል። ደረሰኝ የለም። ተመልሰው ሲሄዱ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተባሉ። በጣም ነው የተናደድኩት። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ያመኑት ደግሞ "አባቴ" ብሎ ያናገራቸውን ልጅ ነው።

ከፕሮሰሰሩ ልጀምር፣ ትልቁ ኪሳራ እሱ ላይ ነውና። ኤችዲኤምአይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ነው። የቲቪውን ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው አርክ የሚባለው በ2009 መጣ። የተሻሻለው ኢአርክ ደግሞ በ2017። ኤችዲኤምአይ የሌለው ፕሮሰሰር ይህ ሁሉ አልፎታል። የሚቀረው የኦፕቲካል ገመድ ነው። ኦፕቲካል ደግሞ ሁለት ቻናል ወይም የታመቀ 5.1 (የአምስት ስፒከርና የአንድ ሳብዉፈር) ድምፅ እንጂ ዶልቢ ትሩኤችዲን የመሰለ ያልተቀነሰ ድምፅ አይሸከምም። ቲቪያችሁ 5.1ውን በኦፕቲካል ካላሳለፈ የሚደርሳችሁ ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ለአምስት ቻናል ተከፍሎ ሁለት ይሰማል። የቀሩት ስፒከሮች ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ ቻናል እየፈለፈለ ያወጣላቸዋል።

ኤችዲኤምአይ ያለው ቢሆንም ቶሎ እሺ አትበሉ። ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን የቅጂ መከላከያ የማያውቅ ከሆነ፣ 4ኬ ምስል በእሱ በኩል ሲያልፍ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ወይም ጥራቱ ሊወርድ ይችላል።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ይህን ነው። ጥሩ ፓወር አምፕ ቶሎ አያረጅም። ሥራው ትንሹን ድምፅ ትልቅ ማድረግ ስለሆነ፣ የሃያ ዓመት ዕቃ ዛሬም በደንብ ሊሠራ ይችላል። ፕሮሰሰር ግን በየጊዜው በሚለዋወጥ ቴክኖሎጂ ላይ የቆመ ነው። ሰዎች ለየብቻ የሚገዙበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው፦ አምፑን ይዘው ፕሮሰሰሩን ብቻ ለመቀየር። ታዲያ ሌላው ሰው ቀይሮ የጣለውን ፕሮሰሰር ለእናንተ በውድ ሲሸጥላችሁ፣ ጥቅሙን ለእሱ፣ ጉዳቱን ለእናንተ ማድረጉ ነው።

ወደ መብራቱ እንምጣ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 120 ቮልት፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ደግሞ 100 ቮልት ነው። በቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። "ትራንስፎርመር አለው" የሚለው መልስም አያሳርፍም። አምፑ ለአምስት ቻናል በያንዳንዱ 150 ዋት ማውጣት የሚችል ከሆነ፣ 500 ዋት ትራንስፎርመር ድምፁ ከፍ ሲል አይችለውም፤ ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል። ደግሞም ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርትዙን አይቀይርም። ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ ዕቃ በ50 ላይ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በዓይናችሁ አንብቡ። 220፣ 230 ወይም 240 ቮልት የሚል ካልሆነ እለፉት።

የእኛን መብራት መጥፋትና መምጣት ታውቁታላችሁ። ሲመለስ ዘልሎ የሚመጣው ቮልት ነው ዕቃ የሚገድለው። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዙ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ። ዕቃው ሁለትና ሦስት ሳጥን ሲሆን የሚጠበቀውም በዚያው ልክ ይበዛል።

ስለ ዋት ሲነገራችሁ ረጋ በሉ። ስፒከር ላይ 5000 ዋት ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ልኬት ነው። ለቅጽበት ሊደርስ ይችላል ተብሎ የሚሰላ፣ ማንም እንደፈለገ የሚያሳድገው ቁጥር ነው። ማመሳከሪያችሁ አርኤምኤስ ይሁን፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል እሱ ነው። የውሸት ዋት አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የማጉያ አምራቾች ኃይላቸውን በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲናገሩ ደንብ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የራሱ ማጉያ ያለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለ። ጀርባው ላይ ስንት ዋት መብራት እንደሚወስድ ተጽፏል። ከሶኬት 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5000 ዋት ከየት ያመጣል?

እውነተኛ ዋትም ቢሆን ሻጩ እንደሚያወራው አይደለም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። በ80 ዋትና በ120 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 2 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ጆሯችሁ በቅጡ አይለየውም። 88 ዴሲቤል የሚል ስፒከር በአንድ ዋት ብቻ በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ያሰማል፤ ይህ ሳሎን ውስጥ ጮክ ያለ ድምፅ ነው። የአብዛኞቻችን ሳሎን አይጠየፍ አዳራሽ አይደለም። በያንዳንዱ ቻናል ከ60 እስከ 90 እውነተኛ ዋት ያለው ሪሲቨር ከበቂ በላይ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ የመድረክ አምፕ ነው የሚሰጣችሁ፤ ሠርግ ላይ ሞንታርቦ የሚነዳውን። ለሠርግ ጥሩ ነው። ሳሎን ውስጥ ግን ፋኑ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። ፊልሙ ዝም ሲል የምትሰሙት ፋኑን ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር፣ ለደሴ ሰው በተለይ። ከተማችን 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ዕቃን በደንብ አያቀዘቅዝም።  ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ናት፤ እዚያ የሚያስቸግረው የአየሩ ሙቀት ነው። በሁለቱም ከተማ አምፑን ቡፌ ውስጥ ቆልፋችሁ አታስቀምጡት። ላዩ ላይም ዳንቴል አታልብሱት። በዙሪያው፣ በተለይ ከላዩ፣ ባዶ ቦታ ይኑረው።

እንግዲህ ምን ይገዛ ለሚል፦ ለሳሎን ሪሲቨር ይገዛ። ባለ 5.1 ወይም 7.1፣ ኢአርክ ወይም ቢያንስ አርክ ያለው ኤችዲኤምአይ የተገጠመለት፣ በ220 ቮልት የሚሠራ። ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ ደግሞ ጀርባው ላይ ፕሪ አውት፣ ማለትም ገና ያልጎላውን ድምፅ ወደ ሌላ አምፕ የሚያወጣ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ። ለሳብዉፈሩ ብቻ ሳይሆን ለፊት ስፒከሮችም ጭምር። ፕሪ አውት ካለው ነገ ኃይሉ ካነሰባችሁ ፓወር አምፕ ገዝታችሁ ትቀጥሉበታላችሁ፤ ያኔ ሪሲቨሩ ራሱ ፕሮሰሰር ይሆናል። የ"ለየብቻ"ን ጥቅም ዛሬ ሳትከፍሉ በእጃችሁ ያዛችሁ ማለት ነው። ያገለገለ ከሆነ የመለኪያ ማይኩን ጠይቁ። ድምፁን ከክፍሉ ጋር የሚያስማሙት የዴነኑ ኦዲሲ፣ የያማሃው ዋይፓኦ ያለ ማይኩ ክፍላችሁን መለካት አይችልም። ሪሞት የሌለውንም አትንኩት፤ ብዙው ማስተካከያ በሪሞት ብቻ ነው የሚገኘው።

ሱቅ ውስጥ "ቴስት ተደርጓል" ሲሏችሁ እናንተው ፊት እንደገና ይደረግ። ሪሲቨር ለእያንዳንዱ ስፒከር በየተራ ሹሽ የሚል ቴስት ቶን አለው። አንድ በአንድ ስሙ። አንዱ ቻናል ከደከመ ወይም ከተንጫጫ ተዉት። ከተቻለ የቤታችሁን ፍላሽና ማጫወቻ ይዛችሁ ሂዱ። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት አቆዩት። የሚያጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ሲሞቅ ነው። ሻጩ ከተቻኮለባችሁ ወይም "መብራት የለም፣ ነገ ቤትህ ታየዋለህ" ካላችሁ ነገ ተመለሱ።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አትስጡ። የሞዴሉ ስምና "አዲስ" ወይም "ያገለገለ" የሚለው ይጻፍበት። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅም ትችላላችሁ። "የተሸጠ አይመለስም" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ይህን መብት አያጠፋውም። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን የገዛችሁት ከማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳችኋል። ቅሬታ ካላችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ቀድሞውኑ የገዛችሁ ካላችሁ ፓወር አምፑን አትጣሉት፣ በርካሽም አትሽጡት። ቮልቱን አረጋግጡ። 220 ካልሆነ አቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር አድርጉለት፤ 60 ሄርትዝ ብቻ የሚል ከሆነ ግን መጀመሪያ ለባለሙያ አሳዩት። ከዚያ ፕሪ አውት ያለው ሪሲቨር ስታገኙ አንድ ላይ አገናኟቸው፣ በደንብ ይሠራል። ለጋሼም እየፈለግንላቸው ያለነው እንዲህ ያለውን ነው። አሮጌው ፕሮሰሰር ላይ ግን ለማሠሪያም ሆነ ለማገናኛ ሌላ ብር አትጨምሩበት።