በሐምሌ በረዶ ለመርገጥ፦ ዩንግፍራውዮህ፣ ጎርነርግራት ወይስ ዙግሽፒትሰ?

አገር ቤት ሐምሌ ጭቃና ጉም ነው። አውሮፓ ለምንኖር ግን ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ልጆች «ዛሬስ የት እንሄዳለን?» እያሉ የሚያስጨንቁበት ወር ነው። ጠዋት በቲሸርት ባቡር ተሳፍሮ፣ እኩለ ቀን ላይ በረዶ ተወራውሮ፣ ማታ ቤት ገብቶ መተኛት ይቻላል። ወጪው ቀላል ስላልሆነ ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስቱን ተራሮች ላነጻጽርላችሁ።

መጀመሪያ ልጆቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። በረዶውን ማየት ነው የሚፈልጉት ወይስ መንካት? በእኛ ቋንቋ በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ ተራራ ላይ የተጋገረውም ያው በረዶ ነው። እዚህ ግን የማየትና የመንካት ልዩነት በገንዘብ ይመነዘራል።

መንካት ካሉ መልሱ ስዊዘርላንድ ያለው ዩንግፍራውዮህ ነው። ጣቢያው 3,454 ሜትር ላይ ነው፤ በአውሮፓ ከዚህ ከፍ ያለ የባቡር ጣቢያ የለም። በነሐሴም ቢሆን በረዶው አይጠፋም። ከጣቢያው ወጥታችሁ ትረግጡታላችሁ፣ ትወራወራላችሁ። በሰመር የሚከፈት የሸርተቴ መጫወቻም አለ፣ ለብቻው ይከፈልበታል። ከበረዶ ግግሩ ውስጥ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ መንግሥት የሚመስል ዋሻ አለ፤ ትንንሾቹ ከሁሉም በላይ የሚያስታውሱት እሱን ነው። በአሳንሰር ወደ 3,571 ሜትር ስትወጡ ደግሞ የአሌች የበረዶ ግግር ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል። ርዝመቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአልፕስ የሚወዳደረው የለም።

መንገዱ ራሱ ታሪክ ነው። ሐሳቡን ያመጣው አዶልፍ ጉየር ዜለር የተባለ ኢንዱስትሪያሊስት ነበር። ቁፋሮው በ1896 ተጀመረ፣ እሱ በ1899 ሞተ፣ ባቡሩ ጫፍ የደረሰው በ1912 ነው። 16 ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲፈለፈል ማለት ነው። ከ9 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከሚበልጠው ሐዲድ 7 ኪሎ ሜትር ያህሉ አይገር በሚባለው ተራራና በጎረቤቱ ሆድ ውስጥ ያልፋል። ሐዲዱ መሀል ላይ ጥርስ አለው፤ ባቡሩ በዚያ እየተነከሰ ነው ዳገቱን የሚወጣው። ይህን ለልጆች ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ዋሻው ጨለማ ብቻ አይሆንባቸውም።

ከኢንተርላከን የሚወጡት በሁለት በኩል ነው። አንዱ በግሪንደልቫልድ በኩል ሆኖ፣ በ2020 መጨረሻ የተከፈተውን ኬብል ካር ይጠቀማል፤ 15 ደቂቃ ውስጥ ዋሻው አፍ ያደርሳችኋል። ሌላው በላውተርብሩነንና በክላይነ ሻይደግ በኩል በባቡር ብቻ ነው። ይዘገያል፣ ፏፏቴና የከብት ደወል ግን አለው። እኔ የምመክረው በፈጣኑ ወጥቶ በዘገምተኛው መውረድ ነው። ጠዋት ፀሐይና ጉልበት አለ፤ ሲመለሱ ልጆች እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

አሁን ወደ ዋጋው። ከኢንተርላከን ደርሶ መልስ በሰመር ለአንድ አዋቂ ከ200 ፍራንክ በላይ ነው። ባልና ሚስት ከ400 በላይ ሊያወጡ ነው ማለት ነው። ሃልብታክስ ካርድ ካላችሁ ግን በግማሽ ትገባላችሁ፤ ለጎብኚዎችም የአንድ ወር አቻው አለ። ካርዱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስለሚገዛ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ ማዋጣቱን ቀድማችሁ አስሉ። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ለትልልቆቹ የልጆች ካርድ አለ፣ ነገር ግን የተራራ ባቡሮች ደንብ ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። በሐምሌና በነሐሴ ለመቀመጫ ማስያዣ የምትከፍሏትን ትንሽ ገንዘብ አትሰስቱ። ሕፃን አቅፎ ሰልፍ መጠበቅ ከባድ ነው።

ከፍታውን አትናቁ። «እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ነን፣ ተራራ አያስፈራንም» የሚል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። እኔም ብዬ ነበር። ግን ፍራንክፈርት ወይም ጄኔቫ ለዓመታት የኖረ ሰውነት የደጋውን አየር ይረሳል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ከነጭራሹ አያውቁትም። የእኔዋ የሰባት ዓመት ልጅ ከባቡር ዘላ ወርዳ ሮጠች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ወደ ታች ስንወርድ ወዲያው ለቀቃት። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ እኔ አልወስደውም፤ ቢያንስ ሐኪሙን አማክሩ።

ማየት ይበቃናል ካላችሁ ጎርነርግራት ይሻላል። እንዲያውም ለእይታ ብቻ ከሆነ ከዩንግፍራውዮህ አስበልጠዋለሁ። ባቡሩ እዚያው ስዊዘርላንድ ካለችው ከዘርማት ተነስቶ በግማሽ ሰዓት ገደማ 3,089 ሜትር ላይ ያወጣችኋል፤ ከእንጦጦ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይላል ብላችሁ አስቡት። የሚሄደው ከሞላ ጎደል ከዋሻ ውጭ ነው። በ1898 ከተከፈተ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሲወጣ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ማተርሆርን የሚባለው ሹል ተራራ በመስኮቱ አብሯችሁ ይሄዳል። ጫፍ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑ 29 ተራሮች ይከቧችኋል። ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ይበልጠዋል! ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም።

ስትመለሱ ሮተንቦደን ጣቢያ ላይ ውረዱና ወደ ሪፈልዜ ሐይቅ በእግር ሂዱ። ቅርብ ነው። ነፋስ ከሌለ ተራራው ውኃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። በነሐሴ እግራችሁ ሥር ያለው ድንጋይና ሣር ነው፤ በረዶው ማዶ ነው። «በረዶ እንነካለን» ተብሎ የመጣ ልጅ ያለቅሳል። ሁለተኛ፣ ሩቅ ነው። ከዙሪክ ዘርማት ለመድረስ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ከጄኔቫም አያንስም። ከበርን ይቀላል። ዘርማት መኪና አይገባም፤ በመኪና የመጣ ቴሽ ላይ አቁሞ በባቡር ይቀጥላል። ቲኬቱ በሰመር ከ100 ፍራንክ በላይ ቢሆንም ከዩንግፍራውዮህ በብዙ ይቀንሳል፣ ሃልብታክስም ይሠራል።

ሙኒክና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ስዊዘርላንድ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት ዙግሽፒትሰን አስቡ። የጀርመን ከፍተኛው ተራራ ነው፣ 2,962 ሜትር። ከሙኒክ እስከ ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን በዶይችላንድ ቲኬት (በወርሃዊው የክልል ባቡር ቲኬት) ትሄዳላችሁ። ከዚያ በላይ አይሠራም፤ ለተራራው ባቡር ለአንድ አዋቂ ከ70 ዩሮ በላይ ይከፈላል፣ የቤተሰብ ቲኬት ግን አለ። በጥርሳሙ ባቡር ወጥታችሁ በኬብል ካር ወደ አይብዜ ሐይቅ ውረዱ፣ አንድ ቲኬት ሁለቱንም ያካትታል። ሐይቁ ይዋኝበታል። ጠዋት ተራራ፣ ከሰዓት ዋና፤ በዚህ የሚያክለው የለም።

ስለ በረዶው ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ከተራራው ሦስት የበረዶ ግግሮች አንዱ በጣም ከመቅለጡ የተነሳ በ2022 የበረዶ ግግር መባሉ ቀርቷል። በሰኔ መጀመሪያ ብትሄዱ ልጆች የሚጫወቱበት በረዶ አይጠፋም። በነሐሴ የምታገኙት እዚህም እዚያም የቀረ ቁራጭ ነው። እዚህ መሄድ ከፈለጋችሁ ቶሎ ሂዱ፣ ለዓመቱም ለዘመኑም።

የትኛውንም ብትመርጡ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የተራራውን ቀጥታ ካሜራ በስልክ እዩ። እኛ አንድ ጊዜ ሳናይ ወጥተን፣ ከፍለን ያየነው ነጭ ጉም ብቻ ነበር። ታች 30 ዲግሪ ቢሆንም ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። የፀሐይ መነፅርና ሰንስክሪን ለእኛም ጭምር ነው፤ በረዶው ፀሐይዋን መልሶ ፊት ላይ ይረጫል። ጀርመን ኖራችሁ ስዊዘርላንድ ከገባችሁ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ አትርሱ። ፍልሰታ ከሆነ ደግሞ ምሳችሁን ከቤት ቋጥሩ። ተራራ ላይ ያለ ምግብ ውድ ነው፣ ጾም መሆኑንም ለማጣራት ያስቸግራል። ጥብስ በሌለበት የሱፍ ፍትፍት በፔርሙስ ትኩስ ሻይ፣ በረዶ እያዩ፣ ሞክሩት።