ፔስ 6 ወይስ ኢፉትቦል?

ሁለቱም የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ የሠራቸው የእግር ኳስ ቪዲዮ ጌሞች ናቸው። ፔስ 6 በ2006፣ ኢፉትቦል ደግሞ በ2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወጡ።

ፔስ 6ን ያወቅኩት ሰፈራችን ጌም ቤት ነው። ዲስኩ ፕሌይስቴሽን 2 ውስጥ ከገባ በቃ፤ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ምዝገባ ሁሉም ነገር እዚያው አለ። ማስተር ሊግ የሚባለውን፣ አንድ ክለብ ይዘህ የምትመራበትን ክፍል ስትጀምር እነ ካስቶሎና ሚናንዳን ይሰጥሃል። የፈጠራ ተጫዋቾች ናቸው፣ ደካሞችም ናቸው፤ ግን እያሸነፍክ፣ ነጥብ እያጠራቀምክ ቡድኑን ራስህ ስለምትገነባው ከልብህ ትወደዋለህ። የኢንተሩ አድሪያኖ ከሩቅ ሲመታማ ቤቱ ሙሉ ይጮህ ነበር።

ኢፉትቦል በነፃ ይወርዳል። ስልክ ላይም ስለሚሠራ ኮንሶል መግዛት ለማይችል ልጅ በር ከፍቷል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምስሉም አይወዳደርም። ግን ሲወጣ 9 ክለቦች ብቻ ነበሩት፣ ብዙ ነገሩም አላለቀም ነበር፤ ኮናሚ ራሱ ይቅርታ ጠይቋል። አሁን ተሻሽሏል፣ እውነት ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ጥሩ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዕጣ ነው፣ ዕጣው ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ይህን ለልጆች መሸጥ ልክ አይደለም።

የወንድሜ ልጅ ቤት ሲመጣ የማወጣለት ፔስ 6ን ነው። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ሶፋ።