የማዘርቦርድ ስፒከርና የፖስት ካርድ፦ ጅማ ላይ ለወራት ከተጠቀምኩባቸው በኋላ

ጅማ ውስጥ ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ «ዲስፕሌይ አልሰጥ አለኝ» ተብለው የሚመጡ ናቸው። ማራገቢያው ይዞራል፣ የፊቱ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ከዚህ ምልክት በስተጀርባ የቆሸሸ ራም (ጊዜያዊ የመረጃ መያዣ)፣ የላላ ግራፊክስ ካርድ፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ወይም የሞተ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ሊኖር ስለሚችል፣ ለጠጋኙ የሚነግረው ነገር ከሌለ ዕቃ እየቀያየረ ከመሞከር ውጪ አማራጭ የለውም። እኔ ይህን ለመቀነስ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሁለት መሣሪያዎችን በየሥራው ስጠቀም ቆይቻለሁ። አንደኛው በሁለት ቀጭን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስፒከር ነው፤ ሁለተኛው ፒሲአይ ስሎት በሚባለው የማዘርቦርዱ የካርድ መሰኪያ ላይ የሚገባ፣ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ የፖስት ካርድ ነው። በሁለቱም ላይ የአምራች ስም አልተጻፈም። ካርዱ ከስፒከሩ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዛ ብባል ያለማመንታት የምገዛው ስፒከሩን ነው።

ስለ አሠራራቸው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስን ከመጫኑ በፊት ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ግራፊክሱንና ሌሎቹን ክፍሎች በቅደም ተከተል ይፈትሻል፤ ይህ ፍተሻ ፖስት ይባላል። ስክሪኑ ከመነሳቱ በፊት ችግር ከተገኘ ባዮሱ በስክሪን መናገር ስለማይችል በስፒከሩ ይጮሃል። ይህ አሠራር በ1981 ከወጣው ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ ያለ ነው። ዛሬ ግን ተገጣጥመው የሚሸጡ ብዙ ዴስክቶፖች ሳጥናቸው ውስጥ ስፒከር ስለሌለ ማዘርቦርዱ ሊናገር ቢፈልግም የሚሰማው የለም። ለዚህ ነው ይህች ትንሽ ዕቃ ከዋጋዋ በላይ የምትጠቅመው።

ስትገዙ አንድ ነገር አስተውሉ። አንዳንዱ ቡዘር (ትንሽ ድምፅ ማሰሚያ) ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር የራሱን ድምፅ የሚያመነጭ ዓይነት ነው፤ ለማንቂያ ደወል ይሆናል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይመችም፤ ምክንያቱም ድምፁን መፍጠር ያለበት ማዘርቦርዱ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ተደራርበው የተበላሸ ጩኸት ይወጣል። መሆን ያለበት የራሱ ድምፅ አመንጪ የሌለው ዓይነት ነው። ሶኬቱ አራት ቀዳዳ ያለው ሲሆን ገመድ የሚገባባቸው ሁለቱ የዳር ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ማዘርቦርዱ ላይም «ስፒከር» የሚል ጽሑፍ ካለበት የፒን ረድፍ ጋር ይገጥማል። ይህ ረድፍ ብዙ ጊዜ ከፓወር በተኑ ፒኖች አጠገብ ስለሚገኝ ከመሰካት በፊት ጽሑፉን በባትሪ ብርሃን ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ድምፁን መስማት ቀላል ነው፣ ማንበብ ግን የባዮሱን ቤተሰብ፣ ማለትም እንደ ኤኤምአይ፣ አዋርድና ፊኒክስ ካሉት ሠሪዎች የትኛው እንደሠራው፣ ማወቅ ይጠይቃል። በተከታታይ አምስት ጊዜ የሚጮህ ኮምፒውተርን ውሰዱ። በድሮው የኤኤምአይ ሠንጠረዥ አምስት አጭር ቢፕ (የስፒከሩ ጩኸት) የፕሮሰሰር ችግር ማለት ነው። በዴል ዴስክቶፖች ዘንድ አምስት ቢፕ የማዘርቦርዱን ሰዓት የምታቆየውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ወይም የሰዓቱን ክፍል ያመለክታል። በቀደሙት የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፖች ደግሞ ከቀይ መብራት ብልጭታ ጋር የሚሰማ አምስት ቢፕ የራም ስህተት ነው። አንዱ ውድ የሆነውን ፕሮሰሰር ያስጠረጥራል፣ ሌላው በጥቂት ብር የሚገዛ ባትሪ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው የራሙ ጥርሶች በላጲስ ጠረግ ተደርገው ሊድን ይችላል። ስለዚህ ቢፑን ከመቁጠሬ በፊት ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የባዮስ ስም ወይም የኮምፒውተሩን ሞዴል እጽፋለሁ። በስልክ ቡድኖች የሚዞረውን «የቢፕ ኮድ ሠንጠረዥ» የባዮሱ ስም ካልተጻፈበት አልጠቀምበትም፤ ሰውም እንዲጠቀምበት አልመክርም።

በእጄ በብዛት የሚገቡት ኮዶች ጥቂት ናቸው። በአዋርድ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር የግራፊክስ፣ እየተደጋገመ የሚመጣ ረጅም ቢፕ የራም ምልክት ነው። በኤኤምአይ ሦስት አጭር የመጀመሪያውን የ64 ኪሎባይት ራም፣ ስምንት አጭር የማሳያ ሜሞሪን ይመለከታል። በዴል ሁለት ቢፕ ራም አልተገኘም፣ አራት ቢፕ ራም ተገኝቷል ግን ተበላሽቷል፣ ስድስት ቢፕ የግራፊክስ ችግር ነው። ፊኒክስ በአራት ምድብ የተከፋፈሉ ቢፖችን ስለሚጠቀም በጆሮ ብቻ ለመያዝ ያስቸግራል፤ እኔ በስልኬ ድምፁን ቀድቼ እያዘገየሁ እሰማዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ይህ መረዳት አለበት፦ ኮዱ የሚናገረው ፍተሻው የት ላይ እንደቆመ ነው እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሞተ አይደለም። የራም ኮድ የራሙ፣ የስሎቱ፣ በፕሮሰሰሩ ሶኬት ውስጥ የታጠፈ ፒን ወይም ለራሙ ኃይል የሚያቀርበው የማዘርቦርዱ ክፍል ጥፋት ሊሆን ይችላል። በኮዱ ብቻ አዲስ ራም የሚያስገዛ ጠጋኝ የደንበኛውን ገንዘብ በግምት እያወጣ ነው።

የስፒከሩን ጥቅም በደንብ ያየሁበትን አንድ ሥራ ልግለጽ። በሂርማታ መርካቶ አካባቢ የቡና ንግድ ቢሮ ያላቸው አንድ አባት የሒሳብ መዝገባቸው ያለበትን ተገጣጣሚ ዴስክቶፕ አመጡልኝ፤ ቀደም ሲል ያዩላቸው ሰዎች ማዘርቦርዱ እንደሞተ ነግረዋቸዋል። ስፒከሩን ሰካሁና አበራሁት፤ ማራገቢያው ዞረ፣ ድምፅ ግን አልነበረም። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅዬ፣ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ፓወር በተኑን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ፣ ሁለቱንም ራሞች አወጣሁና እንደገና አበራሁት። በዚህ ጊዜ ረጅም ቢፕ እየደጋገመ መጮህ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይሰማዎታል? ማዘርቦርዱ አልሞተም» አልኳቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ ቅድም ለምን ዝም አለ?»

«ራሙ ገብቶበት ሳለ ፍተሻው እዚያው ላይ ታንቆ ለመጮህም አልደረሰም ነበር። አሁን ግን ራም እንደሌለው አውቆ እየነገረን ነው።»

ባዮሱ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ አማካይነት ስለሆነ ይህ ጩኸት ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል፤ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ እየፈጸመ ነው፣ የባዮስ ቺፑ ይነበባል፣ ፓወር ሰፕላዩም ቢያንስ እስከዚህ ድረስ ኃይል እየሰጠ ነው። ከዚያ አንዱን ራም በሁለተኛው ስሎት ላይ ሳስገባው አንድ አጭር ቢፕ ተሰማና ስክሪኑ ተነሳ። የመጀመሪያውን ስሎት በባትሪ ስመለከተው ከታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ ደቃቅ አቧራ ተጋግሮበት ነበር። በለስላሳ ብሩሽና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጸዳ፣ የራሞቹ ወርቃማ ጥርሶችም በነጭ የእርሳስ ላጲስ ተጠረጉ፤ ሁለቱም ራሞች በቦታቸው ሠሩ። የእስክሪብቶ ማጥፊያ የሆነው ሻካራ ላጲስ ግን የወርቅ ቅቡን ስለሚፍቅ መጠቀም አይገባም።

ራም ተነቅሎም ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ፍለጋዬ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። መጀመሪያ በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ መግባቱን አያለሁ፤ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን እለካለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን የምጠረጥረው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ የተጎዱ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ወገን ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። በክረምት፣ የጅማ እርጥበት በሚበረታበት ወቅት፣ በብዛት የሚያጋጥመኝ ደግሞ የራም ኮድ ነው፤ ስሎቱንና ጥርሱን በማጽዳት ብቻ የዳኑት ብዙ ናቸው።

ስፒከሩ ሩቅ ላለ ደንበኛም ይጠቅማል። አጋሮ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጥ አንዲት ሴት ኮምፒውተሯ እንዳልተነሳላት ደውላ ስትነግረኝ፣ ቀደም ሲል ሳጥኑ ውስጥ ስፒከር ትቼላት ስለነበር «እህቴ፣ ስልክሽን ወደ ሳጥኑ አስጠግተሽ አንዴ አብሪልኝ» አልኳት። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር በግልጽ ተሰማ። ባዮሱ አዋርድ መሆኑን በማስታወሻዬ ላይ ስላገኘሁ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላ ግራፊክስ ካርዱን አውጥታ በደንብ እንድትሰካው ነገርኳት፤ ተነሳላት። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለላላ ካርድ ሲባል ኮምፒውተር በሚኒባስ ተጭኖ የሚመጣበት ምክንያት የለም።

የፖስት ካርዱን በተመለከተ ግምገማዬ የተከፋፈለ ነው። ባዮሱ በየፍተሻው ደረጃ አንድ ቁጥር ወደ ተወሰነ አድራሻ ይልካል፤ ካርዱ ያንን ቁጥር አንብቦ ያሳያል፤ ኮምፒውተሩ ሲቆም በማሳያው ላይ የሚቀረው ቁጥር የቆመበት ደረጃ ነው። ሐሳቡ ከቢፕ የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል፤ በአዲሱ የኤኤምአይ ባዮስ ለምሳሌ 55 ራም አለመገኘቱን፣ ዲ6 የማሳያ መሣሪያ አለመገኘቱን ይገልጻል። ችግሩ ከካርዱ ጋር የመጣው መመሪያ የድሮ ባዮሶችን ብቻ የያዘ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ያለው ወረቀት መሆኑ ነው። በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ በዚያ ወረቀት መመራት ያሳስታል፤ የማዘርቦርዱን የራሱን መመሪያ አውርዶ ማንበብ ግድ ይላል። ከዚህ በተጨማሪ ፒሲአይ ስሎት ከአዳዲስ ማዘርቦርዶች እየጠፋ ስለሆነ ካርዱ መግቢያ የሚያጣበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

ሆኖም በካርዱ ላይ ካሉት ትናንሽ መብራቶች ብዙ ተጠቅሜያለሁ። የ12፣ የ5 እና የ3.3 ቮልት መብራቶች በአንድ እይታ የጎደለውን ኃይል ያሳያሉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ የሪሴት መብራቱ ለአፍታ ታይቶ መጥፋት አለበት፤ እንደበራ ከቀረ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ሥራ እንዳይጀምር አግዶታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ራም መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። መብራት መብራቱ ግን ቮልቴጁ ትክክለኛ መጠን እንዳለው አያረጋግጥም፤ ለዚያ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያስፈልጋል።

ለላፕቶፕ ተብሎ ከካርዱ ጋር የሚሸጠው ትንሽ ሰሌዳ አላረካኝም። ብዙ ላፕቶፖች ለገመድ አልባ ኢንተርኔት ካርድ በተሠራው ስሎት ላይ ይህን መረጃ አያወጡትም፤ ማሳያው ባዶ ሆኖ ይቀራል። በላፕቶፕ ላይ የተሻለው መንገድ የራሱን መብራት መቁጠር ነው። በአዳዲስ የዴል ላፕቶፖች መብራቱ ሁለት ጊዜ ብርቱካናማ፣ ሦስት ጊዜ ነጭ ከሆነ ራም አልተገኘም ማለት ነው፤ ሦስት ብርቱካናማና አንድ ነጭ የሰዓት ባትሪ ነው። በአዳዲስ የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ሦስት ረጅም ቀይና ሁለት አጭር ነጭ ራምን ይመለከታል። ለእነዚህ ምንም መግዛት አያስፈልግም፤ ብልጭታውን በስልክ ቪዲዮ መቅዳት ብቻ ይበቃል።

ስለ ጥንካሬያቸው፦ የስፒከሩ ገመድ ከብዙ መሰካትና መንቀል በኋላ ከሶኬቱ ሥር ተበጠሰ፤ በብየዳ መልሼ በፕላስቲክ ሽፋን አጠናከርኩት፣ ከዚያ ወዲህ አልተቸገርኩም። ድምፁ መርካቶ ውስጥ ጀነሬተር ሲነሳ ለመስማት ያስቸግራል፤ በዚያን ጊዜ በጣቴ ይዤ ንዝረቱን እቆጥራለሁ። የካርዱ ጥርሶች ሳይላሉ አሉ፣ ማሳያውም አልደበዘዘም።

ጥገናን ሥራዬ ብሎ ለያዘ ሰው ሁለቱንም እመክራለሁ፤ ካርዱን ግን አሮጌ ዴስክቶፕ በብዛት የሚያገኝ ከሆነ ብቻ። ለቢሮና ለቤት ተጠቃሚ ስፒከሩ በቂ ነው። እኔ አሁን ስፒከሮችን በዛ አድርጌ እገዛለሁ፤ ስፒከር የሌለው ዴስክቶፕ ጠግኜ ስጨርስ ባለቤቱ ከፈቀደ አንዱን እዚያው ሰክቼ እተዋለሁ፤ የባዮሱን ስምና የራምና የግራፊክስ ኮዶቹን በትንሽ ወረቀት ጽፌም በሳጥኑ የውስጥ ጎን ላይ እለጥፋለሁ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ጠጋኝ እኔ ባልሆንም እንዲያነበው።