የልጄ ትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት፦ ለእሷ 5 ኮከብ፣ ለቢሮዋ 2

ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የምወቅሰው ነገር አለ፣ ልጁም ገና እዚያው ይማራል። የምጽፈው ስለ አንድ አገልግሎት ብቻ ነው፤ ስለ ሳይኮሎጂስቷ። ለብቻ የሚከፈል ነገር የለም፣ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር አብሮ ነው። ብዙ ወላጅ ግን መኖሯንም አያውቅም። እኔ ራሴ ሦስት ዓመት ስከፍል አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሆድ ቁርጠት ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ እኛ ከከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄድን። ልጁን ከትምህርት ቤቱ ማውጣት አልፈለግንም፤ ሰፈሩን አጥቷል፣ ትምህርት ቤቱ እንኳ ይትረፍለት አልን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ጠዋት "ማሚ፣ ሆዴን" ማለት ጀመረ። ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ሰገራ ታየ፣ ደም ታየ፣ አንዴ አሜባ ነው፣ አንዴ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ዋጠ። እናቴ ጤና አዳም አጠጣችው፣ ጸበልም ሄድን። አልተወውም። አባቱ "ይሄ ልጅ ለግሟል" ማለት ጀመረ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬው ነበር።

ከትምህርት ቤት መቅረቱ ሲበዛ ዩኒት ሊደሩ ጠሩኝ። ማስጠንቀቂያ ሊሰጡኝ መስሎኝ ነበር፣ ወደ ሳይኮሎጂስቷ መሩኝ። ደነገጥኩ። ሳይኮሎጂስት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ልጄን አመመው ሊሉብኝ ነው ብዬ እያለቀስኩ ገባሁ።

ወጣት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሆዱን የሚያመው የትኛው ቀን ነው?" ብላ ነው። "ሁልጊዜ" አልኳት። "እስቲ አብረን እንየው" አለችና የአቴንዳንስ ደብተሩን አስመጣች። የእርሳሷን ጫፍ በስሙ መስመር ላይ እያስኬደች ቆጠረች። 11 ቀን ቀርቷል። ዘጠኙ ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው። በሁለቱም ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው፣ ተማሪው በየተራ እየተነሳ ጮክ ብሎ የሚያነብበት። ያን ሁሉ ምርመራ ከፍዬ የትኛው ቀን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ እናቱም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ልጁን አስጠርታ እኔን ውጪ ጠብቂኝ አለችኝ፣ በትህትና። ልጁ የሚነግራትን ሁሉ እንደማትነግረኝ፣ ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ወይም የሚጎዳው ሰው ካለ ግን እንደማትደብቀኝ አስረዳችኝ። በወቅቱ ተናደድኩ። የወለድኩት እኔ፣ ምስጢሩ የእሷ? አሁን ሳስበው ልጁ የተናገረው ለዚያ ነው። እሱ ፈቅዶ ኋላ የነገረችኝ ይሄን ነው፦ ለካ ልጄ ማንበብ ይከብደው ኖሯል፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። አጠገቡ የሚቀመጠው የሰፈራችን ልጅ በጣቱ መስመሩን እያሳየ፣ ቃሉን በሹክሹክታ እያቀበለ ሲያሻግረው ኖሯል። ካዛንቺስ ሲፈርስ የጓደኛው ቤተሰብ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፣ ጓደኛውም ትምህርት ቤት ቀየረ። የኔ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ሕመሙ ውሸት እንዳልሆነም ነገረችኝ። ጭንቀት እውነተኛ ቁርጠት ያመጣል፣ በተለይ ልጅ ላይ። አባቱ ይሄን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

የሠራችው ሥራ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማውራት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩ አለችን፣ ደህና ሆነ። ክፍል ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አየችው። የእንግሊዝኛ መምህሩን አነጋግራ የሚያነበው አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት እንዲነገረው፣ ንባቡም ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሆን አደረገች። ምሳ ሰዓት በሳምንት ሁለቴ እየጠራች ታስነብበዋለች። ለኛም ማታ ማታ 10 ደቂቃ አብረነው እንድናነብ፣ ሲሳሳት እንዳንቆጣው ነገረችን። መድኃኒት አታዝም፣ ሥራዋም አይደለም፤ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ትልካለች። አሁን ሁለት ወር ሆነ፣ የቀረው አንድ ቀን ነው፣ እሱም ጉንፋን ይዞት። ንባቡ አሁንም ቀስ ያለ ነው። ቁርጠቱ ግን የለም።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ትምህርት ቤቱ ከ1,200 በላይ ተማሪ አለው፣ ሳይኮሎጂስቷ አንድ ናት። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር ለአንድ ባለሙያ 500 ተማሪ ነው የሚመክረው። የአሜሪካን ያህል ይሁንልን አላልኩም፣ ግን እኔ ሁለተኛ ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። በዚህ ሂሳብ ስንቱ ልጅ ነው ወረፋ የሚጠብቀው?

ቢሮዋንና ክፍያ የሚፈጸምበትን ሂሳብ ክፍል የሚለያቸው ቺፕውድ ነው። ክፍያ ልከፍል ቆሜ አንዲት ልጅ ስታለቅስ ሰምቻለሁ፣ ምን እያለች እንደሆነም ጭምር። በጣም አፈርኩ። ልጆቹም ይሄን ያውቃሉ፣ ስለዚህ ብዙዎቹ አይገቡም።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። መምህር ሲቀር ክፍል ትሸፍናለች፣ እሺ። ጠዋት ደግሞ በር ላይ ቆማ ያረፈዱ ልጆችን ስም እንድትመዘግብ ያደርጓታል። ጠዋት ስሙን ለቅጣት የጻፈች ሴት ዘንድ ከሰዓት ሄዶ "ቤት ውስጥ አባቴ ይመታኛል" የሚል ልጅ የት ይገኛል? የእሷ ጥፋት አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ግን ይሄን ያዘዘ ሰው ሥራዋ ምን እንደሆነ አልገባውም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ "ሳይኮሎጂስቷን ማናገር እፈልጋለሁ" ብላችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱን አትዘርዝሩ፣ ደብተሩን ብዙ ሰው ያየዋል። ልጁ ከታመመ የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ መዝግባችሁ ሂዱ። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ድምፅ የማያሳልፍ ግድግዳ ይሠራላት፣ ከበሩም ትነሳ። እዚያው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ አብራችሁኝ እጃችሁን አውጡ።