ከቶሮንቶ ካልጋሪ፦ የጤና ካርዴ ርክክብ

አዲስ አበባ ሳለሁ 28 ዓመት የሠራሁት ንብረት ክፍል ነው። ያለ ሞዴል 19 ዕቃ አላስገባም፣ ያለ ሞዴል 22 አላስወጣም። ልጄ ስፖንሰር አድርጋኝ ካናዳ ከመጣሁም በኋላ ይህ አመል አልለቀቀኝም። ደረሰኝ አልጥልም። እናም ልጄ «አባዬ፣ የቶሮንቶ ኪራይ አላስቀምጥ አለን፣ ካልጋሪ ልንገባ ነው» ስትለኝ ስለ ብርዱ አልጠየቅኳትም። «የጤና ካርዴስ?» ነው ያልኳት።

ዜጋ አይደለሁም፣ ቋሚ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬ 71 ነው። ስኳርም ደም ግፊትም አለብኝ። እስካሁን ያኖረኝ ኦሂፕ የሚባለው፣ ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮቪንስ፣ ማለትም ክፍለ ሀገር፣ የየራሱ ኢንሹራንስ አለው። አንዱ ለቆኝ ሌላው ሳይቀበለኝ መሃል ሜዳ ላይ ብቀርስ? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር። የካናዳ ጡረታዬን እንኳ አላሰብኩትም፤ እሱ የፌዴራል ነው፣ አድራሻ ከቀየርክ የትም ይከተልሃል።

አሁን ነገሩን ጨርሼዋለሁ። እንግዲህ እንደ ለመድኩት ቆጠራ ላድርግ።

ዋናው ርክክብ ይሠራል። የ1984ቱ የካናዳ የጤና ሕግ አዲሱ ፕሮቪንስ ከሦስት ወር በላይ እንዳያስጠብቅህ ያዛል። እስከዚያው የድሮው ይከፍላል። እኔ አልበርታ ፕሮቪንስ ውስጥ ያለችው ካልጋሪ የገባሁት በ2024 ጁን 12 ነው። ኦንታሪዮ የለቀቅክበትን ወር ጨርሶ ሁለት ሙሉ ወር ይጨምርልሃል፤ ይህ እስከ ኦገስት 31 ነው። አልበርታ ከገባህበት ወር በኋላ ባለው ሦስተኛ ወር የመጀመሪያ ቀን ላይ ይረከብሃል፤ ይህ ሴፕቴምበር 1 ነው። የአንድ ቀን ክፍተት እንኳ የለም። በ28 ዓመት ውስጥ እንዲህ ልክክ ያለ ርክክብ ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ ባልደረቦቼ ያውቃሉ።

ግን ቁጭ ብለህ አይመጣም። በሦስት ወር ውስጥ ሄደህ መመዝገብ አለብህ። አልበርታ ውስጥ ምዝገባው የሚካሄደው ሬጂስትሪ በሚባሉ፣ መንግሥት ፈቃድ በሰጣቸው የግል ቢሮዎች ነው። መንጃ ፈቃድና ታርጋ የሚያወጣው ሰውም እዚያው ነው የሚሰለፈው። ሦስት ነገር ይጠይቁሃል፦ ማን እንደሆንክ፣ ካናዳ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ መኖርህን፣ አልበርታ ውስጥ መኖርህን። ለሁለቱ የቋሚ ነዋሪነት ካርዴ በቃ። ሦስተኛው ላይ ተያዝኩ። ቤቱ በልጄ ስም፣ መብራቱ በልጄ ስም፣ ውኃው በልጄ ስም። እኔ በወረቀት ካልጋሪ ውስጥ የለሁም! የመጀመሪያ ቀን በትሕትና ሸኙኝ። ልጄ አከራዩን ለምና የኪራይ ውሉ ላይ ስሜን አስገባች፣ በሁለተኛው ቀን ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ልጁ ቤት የሚኖር አዛውንት ሁሉ ይህን ያስብበት። ውሉ ሲፈረም ስምህ አብሮ ይግባ።

ወርሃዊ ክፍያ የለውም። አልበርታ ያንን ከ2009 ጀምሮ አስቀርታለች።

ካርዱ በፖስታ መጣ። የኦንታሪዮው አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፣ ፎቶ አለው፣ ኪስ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። የአልበርታው ብጣሽ ወረቀት ነው። ፎቶ የለውም። የድሮ የቀበሌ መታወቂያዬ እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ጉርድ ፎቶና ማኅተም ነበረው። ልጄ «አባዬ፣ ዋናው ቁጥሩ ነው» ትለኛለች። ልክ ናት። እኔ ግን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ።

በመሃል ባሉት ሳምንታት አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ አረንጓዴውን ካርድ አየችና «የኦንታሪዮ ነው፣ በጥሬ ገንዘብ ክፈልና ከእነሱ አስመልስ» አለችኝ። ማድረግ ይችላሉ። ፕሮቪንሶቹ እርስ በርስ የሚወራረዱበት ስምምነት ቢኖርም ሐኪሙ በቀጥታ ካንተ መቀበል ይችላል። ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩና ሌላ ክሊኒክ ገባሁ። እነሱ ያለ ምንም ንግግር ተቀበሉኝ። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት ደውለህ ጠይቅ። አምቡላንስ ደግሞ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለም፣ ሂሳቡ ወደ ቤትህ ነው የሚመጣው። ኪዩቤክም ለሐኪም ክፍያ ከስምምነቱ ውጪ ናት።

አሁን ወደ ጎደለው ዕቃ ልምጣ። መድኃኒት።

ኦንታሪዮ 65 ዓመት ከሞላህ መድኃኒትህን ይሸፍንልሃል። ገቢዬ ዝቅተኛ ስለሆነ ለአንድ ማዘዣ ከ2 ዶላር በላይ ከፍዬ አላውቅም። ታዲያ ኦሂፕ እስከ ኦገስት 31 ከኔ ጋር ከሆነ መድኃኒቱም አብሮኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ኢንሱሊኔ አለቀ። ፋርማሲ ሄጄ ካርዴን ዘረጋሁ። ፋርማሲስቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ አማርኛ ብትችል ኖሮ «ጋሼ» ትለኝ ነበር። የኦንታሪዮ የመድኃኒት ፕሮግራም ከኦንታሪዮ ፋርማሲዎች ውጪ አይከፍልም አለችኝ። የአልበርታው የአዛውንት ሽፋን ደግሞ ገና አልተጀመረም። ሕጉ ሐኪምና ሆስፒታልን ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው። ክኒኑ በርክክብ ሰነዱ ላይ የለም።

ከኪሴ ከፈልኩ። በኦገስትም ደገምኩ። ደረሰኞቹ አሁንም አሉኝ፣ የሚቀበላቸው ግን የለም።

የሚያናድደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ቶሮንቶ ሳለሁ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ቀን የሚሆን መድኃኒት ማውጣት እችል ነበር። ከጁን 12 እስከ ሴፕቴምበር 1 ቢቆጠር 80 ቀን ገደማ ነው። ሐኪሜ ጋ ገብቼ «የሦስት ወር ጻፍልኝ» ብል ኖሮ ጉዳዩ አልቆ ነበር። እኔ ግን ድስትና ምጣድ ሳሽግ ነው የከረምኩት። ሳይቆጥር የተረከበ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ምን ይባላል?

ለፋርማሲስቷ ግን ምስጋና ይገባታል። አልበርታ ውስጥ ተጨማሪ ፈቃድ ያላቸው ፋርማሲስቶች ራሳቸው ማዘዝ ይችላሉ። ቋሚ ሐኪም ሳላገኝ የግፊቴን ክኒን እሷው አደሰችልኝ። ቶሮንቶ ውስጥ 11 ዓመት ያየኝን ሐኪም ትቼ መጥቼ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሴፕቴምበር ጀምሮ የአልበርታው የአዛውንት ሽፋን ገባ። የመድኃኒቱን 30 በመቶ እኔ እከፍላለሁ፣ ያውም ጣሪያ አለው። ከ2 ዶላሩ ይበልጣል፣ ግን ይቻላል።

አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ ሁሉ ለቋሚ ነዋሪ ነው። የጎረቤቴ እናት ወላጆችና አያቶች ለረጅም ጊዜ ልጆቻቸውን በሚጠይቁበት በሱፐር ቪዛ ነው ያሉት፤ እሳቸው ቢያንስ የ100,000 ዶላር ሽፋን ያለው የግል ኢንሹራንስ ይዘው ነው የገቡት። ፕሮቪንስ ቢቀይሩ የሚያስረክባቸውም የሚረከባቸውም መንግሥት የለም።

ለሐኪምና ለሆስፒታሉ ርክክብ ከአምስት አራት ኮከብ። ለመድኃኒቱ አንድ፣ እሱም ለፋርማሲስቷ ስል። ለካርዱ ወረቀት ምንም።

ባለፈው ሳምንት የቶሮንቶ ጓደኛዬ ደወለልኝ፣ እዚሁ አልበርታ ያለችው ኤድመንተን ሊገባ ነው። ስለ ቤት ኪራይ ሊያጫውተኝ ሲጀምር አቋረጥኩት። «መጀመሪያ ሐኪምህ ጋ ግባ፣ የ100 ቀን አስጽፍ» አልኩት። «ሻንጣዬ እኮ ሞልቷል» አለኝ። ምጣዱን እንዲያወጣ ነገርኩት።