የሦስት ክሬዲቱ ኮርስና የእናቴ አህያ

በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋል። አብዛኞቹ እንደኔ ዲፕሎማ ይዘው በእንስሳት ጤና የሚሠሩ ናቸው። «ዲግሪው ውስጥ ያለው የእንስሳት ባህርይና የእንስሳት ደህንነት ኮርስ እንዴት ነው? ትምህርት ነው ወይስ ወሬ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ደምበጫ አካባቢ፣ ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ ስድስት ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቻለሁ። ዲግሪውን የያዝኩት የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ሆኜ ነው። የቱ ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም። ዋናው ዲግሪዬ ገና እነሱ እጅ ነው።

ኮርሱ ሦስት ክሬዲት ሰዓት ነው። ስመዘገብ የምትታፈስ ኤ መስላኝ ነበር። እረኛ ሆኜ ነው ያደግሁት። ላም ስትቆም፣ ስትተኛ፣ ስታመሰኳ ማን ያስተምረኛል?

መምህሩ የመጀመሪያው ቀን ገብቶ ስሙን እንኳ ሳይነግረን ጠየቀ። «አህያ ሲያማት በምን ታውቃላችሁ?» እኛም ተንጫጫን። መብላት ታቆማለች፣ ትተኛለች፣ አልነሳ ትላለች። ዝም ብሎ ሰማንና «ያኔማ ዘግይታችኋል» አለ። ነገሩ ቆጨኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የታከሙልኝ አህዮች ሁሉ ዘግይተው የመጡ ነበሩ ማለት ነው።

የኮርሱ ግማሽ ዋጋ ይህ መምህር ነው። ስላይድ አያነብም። የንቦችን ጭፈራ በጠመኔ ብቻ ነው ያስተማረን። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ኦስትሪያዊ ያገኘው ነገር ነው። አበባ አግኝታ የተመለሰች ንብ ቀፎ ውስጥ በ8 ቁጥር ቅርጽ እየዞረች ትጨፍራለች። መሀሉን መስመር የምትሄደው ጭራዋን እያርገፈገፈች ነው። መስመሩ ከሽቅብ ምን ያህል ካዘነበለ፣ አበባውም ከፀሐይ አቅጣጫ ያን ያህል ዘወር ብሎ ይገኛል። ብዙ ካርገፈገፈች ደግሞ ቦታው ሩቅ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1973 እንደሱ የእንስሳት ባህርይ ካጠኑት ከሎሬንዝና ከቲንበርገን ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነው፣ አደይ ሲፈነዳ ቀፎ ሥር ቁጭ ብሎ «ዛሬ ከወዴት ነው የሚያመጡት?» የሚል። ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ጨለማ ውስጥ ማን ያያታል?» አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥያቄውን እንደራሴ አድርጌ ጠየቅሁ። መምህሩ ደስ አለው። ሌሎቹ ንቦች አያዩዋትም፣ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተሉ በአንቴናቸው እየዳሰሱ ነው የሚረዷት። ጥያቄው የአባቴ መሆኑን እዚህ ላይ ልናዘዝ።

አሁን ወደ ቅሬታው። ሞጁሉ ለእኛ የተጻፈ አይደለም። ሃያ ገጽ ያህል ስለ እርጉዝ አሳማ ነው፣ መዞር በማትችልበት ጠባብ ብረት ውስጥ ስለምትታሰረው። ነገሩ እውነት ነው፣ ያሳዝናልም። ግን ከክፍሉ አንዱ ተነስቶ «አሳማ በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ» ሲል አንድም እጅ አልወጣም። ስለ እርሻ በሬ ግን አንድ አንቀጽ የለም። ቀንበር ስለሚልጠው ማጅራት የለም። ጠዋት ጾሙን ተጠምዶ ከሰዓት ስለሚፈታው በሬ የለም። ስለ አህያ ግማሽ ገጽ አለ፣ ያውም በዓለም ብዙ አህያ ባለባት አገር።

ያረጀም ነው። አምስቱን ነጻነቶች በሰፊው ይተነትናል፦ ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ የተፈጥሮ ባህርይን መግለጽ። መነሻቸው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው፣ የእርባታ እንስሳትን አያያዝ የመረመረው የብራምቤል ኮሚቴ ሪፖርት ነው። ጥሩ። ሜለርና ሪድ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያመጡት የአምስቱ ዘርፎች አሠራር ግን በሁለት መስመር ታልፏል። እሱ እንስሳው ከመጥፎ ነገር መዳኑን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፣ በመጨረሻ ምን እየተሰማው ነው ይላል። ፈተና ላይ የመጣው «አምስቱን ዘርዝር» ነው። ዘረዘርን።

ፕራክቲካሉም ቀልድ ነበር። እርባታ ጣቢያ ትሄዳላችሁ ተባልን፣ ሁለት ቅዳሜ አውቶቡስ ጠበቅን፣ በሦስተኛው ተወው ተባለ።

የሚገርመው ግን በአውቶቡሱ ፋንታ የተሰጠን አሳይመንት ነው ኮርሱን ያዳነው። አንድ እንስሳ ምረጡ፣ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፣ በየአምስት ደቂቃው እንስሳው የሚያደርገውን ጻፉ። መንካት፣ ማብላት፣ ማከም የለም። ለእኛ ለመርፌ ሰዎች ከባድ ነው።

እኔ የመረጥኩት የእናቴን አህያ ነው። ሐሙስ ከገበያ መልስ፣ ጭነቷ ከወረደ በኋላ፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዲህ ይላል፦ ቆማለች። ቆማለች። ቆማለች። ቆማለች። ቆማለች። ቆማለች። እናቴ ቡና ይዛ መጣችና «አንተየ፣ እንዳትጠፋ ነው የምትጠብቃት?» አለችኝ።

ከዚያ ሌላ ሌላ ነገር ይታየኝ ጀመር። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ወድቀዋል። ፍየል በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ አንዱ ጆሮ አልዞረም። ገለባ ትጎርስና ማኘኩን ታቆማለች፣ ገለባው ከከንፈሯ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንገቷን ወደ ግራ እያዞረች ትከሻዋን ታያለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አየች።

ሰዓቱ እንዳለቀ ሄጄ ትከሻዋ መሀል ዳሰስኩ። ቁስል የለም። ገጣባ ቢሆንማ ማንም ያየው ነበር። ከጸጉሩ ሥር እንቁላል የሚያህል፣ የሚያቃጥል እብጠት አለ። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። እናቴ ከጭነቱ ሥር ታደርግላት የነበረው ድሮ ጆንያ ነበር፣ ካረጀ በኋላ የማዳበሪያ ከረጢት ተካችበት። ከረጢት ላብ አይመጥም። ይንሸራተታል፣ ይታጠፋል፣ መጫኛው ሲጠብቅ እጥፋቱ እየፈገፈገ ሥጋ ውስጥ ይገባል። አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፌ ሰፋሁላት፣ መሀሉን በአከርካሪዋ ልክ ክፍት አድርጌ። ሁለት ሐሙስ ሳትጫን ዋለች። በሦስተኛው ደግሞ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዶሮ ባለፈ ቁጥር ጆሮዋ ይዞራል።

አሳይመንቱን ስመልስ መምህሩ ከገጹ ጫፍ ላይ «ገምተህ ነው ወይስ ጠይቀሃት?» ብሎ ጻፈልኝ። የክፍሉ ቀልድ ነው፣ መነሻው እንዲህ ነው። ያ የ1965ቱ ኮሚቴ ለዶሮ አንድ ዓይነት ቀጭን ሽቦ ወለል አይሁን ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ዶሮዎቹን ራሳቸውን ሲያስመርጧቸው ያንኑ ኮሚቴው የጠላውን ሽቦ መረጡ።

ከአሥር ስንት ትሰጣለህ ለምትሉኝ፦ ለመምህሩ ዘጠኝ፣ ለሞጁሉ አራት። ፕራክቲካሉን ተዉኝ። መምህሩ ሌላ ሰው ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት፣ ሞጁሉን ብቻውን የተማሩት የሌላ ባች ልጆች ከዝርዝር ሽምደዳ በቀር ያስታወሱት ነገር የለም። ለማንኛውም ስልክ ላይ የፈረስን ሕመም ከፊቱ የሚለካውን መለኪያ (Horse Grimace Scale) ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ነው፣ ጆሮን፣ ዓይንን፣ አፍንጫንና መንጋጋን እያየ ነጥብ ይሰጣል። አህያ ከፈረስ ይበልጥ ሕመሟን ትደብቃለችና እንዳለ አትውሰዱት፣ ግን ዓይንን ያሠለጥናል። ሞጁሉ ውስጥ የለም።

ሃንድአውቱን የምትፈልጉ እኔ ጋ አለ፣ ኮፒ አድርጉ። የአሳማውን ምዕራፍ እናቴ ለእሳት ማያያዣ ወስዳዋለች።